መሪውን ቀይሪ፣ ኤርባጉን ግን እንዳታስነኪ

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፣ ዋና ዋናውን ላስቀምጠው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው 2006 ሞዴል ቪትዝ ነው፣ ከገዛሁት ሦስት አመት ሊሆነኝ ነው። መሪው ተላልጦ እጄ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ይቀራል፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ ደግሞ ይጣበቃል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው፣ ሶማሌ ተራ ከኮሮላ የወጣ፣ ላዩ ላይ የቴፕ በተን ያለው የሚያምር መሪ አግኝቻለሁ፣ እሁድ መጥቼ እገጥምልሻለሁ አለኝ። ኤርባጉስ ስለው "እሱ ካንቺ መኪና ጋር አይሄድም፣ አውጥተን መብራቱን እናጠፋዋለን፣ ደሞ አንቺ አጭር ነሽ፣ ተጠግተሽ ነው ምትነጂው፣ ቢፈነዳ አንገትሽን ነው ሚሰብረው" አለኝ። እውነቱን ነው? እምቢ ብለው ደግሞ ቅር ይለዋል፣ ስንቴ መኪናዬን ሰርቶልኝ ብር ተቀብሎኝ አያውቅም። እስከዛው ፀጉራም የመሪ ልብስ አልብሼዋለሁ። የቪትዟ ነኝ፣ ከገርጂ።»

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ያረገኝ «መብራቱን እናጠፋዋለን» ሚለው ነው። መሪ በዩዝድ መቀየር ምንም ችግር የለውም፣ በየቀኑ ሚሰራ ስራ ነው፣ ዋርሳሽም ሙያው ስለሆነ አያቅተውም። ኤርባጉን አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን እምቢ በይ። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ልንገርሽ፣ አለበለዚያ እሁድ መጥቶ ሁለት ቃል ሲናገር እሺ ትይዋለሽ፣ ዘመድ ሲሆን ያው እንደዛ ነው።

መጀመሪያ ግን፣ መኪናሽ ውስጥ አሁን ኤርባግ መኖሩን በምን አወቅሽ? እንዳትስቂ፣ የምሬን ነው። እኛ አገር ትንሿን ቶዮታ ሁሉ ቪትዝ ነው ምንላት፣ ግን በዛ ዘመን ቶዮታ ቪትዝ ሚለውን ስም የሚሰጠው ጃፓን ውስጥ ለሚሸጣት ብቻ ነበር፣ አውሮፓ የምትሸጠዋ ያሪስ ናት። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ ያንቺ በእርግጥ ከጃፓን የወጣች ቪትዝ ከሆነች አንቺ ጋር ከመድረሷ በፊት መሪዋ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል ማለት ነው። ይሄ በአብዛኛው ዱባይ ነው ሚሰራው፣ ዳሽቦርዱ ይወጣል፣ የመሪው ዘንግና ፔዳሎቹ ይዛወራሉ፣ ሽቦው እየተቆረጠ ይቀጠላል። ጎበዝ ሰው ንፁህ አርጎ የሰራው አለ፣ እንደነገሩ የተሰራም አለ፣ እንደነገሩ በተሰራው ላይ ቶሎ ሚዘለለው ነገር ደሞ ኤርባግ ነው፣ ምክንያቱም ባይኖርም መኪናው ይነዳል፣ ገዢም አያየውም። በተለይ የተሳፋሪው በኩል ያለው ዳሽቦርዱ ከተቀየረ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል።

የኋላ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ አትመኚው፣ ያሪስ ላይ ቪትዝ ሚል ሚለጥፍ ሞልቷል። ሊብሬሽን አውጪና የሻንሲ ቁጥሩን እይ። ከጃፓን የመጣችው ቁጥሯ አጭር ነው፣ ኬኤስፒ90 ወይም ኤስሲፒ90 ምናምን ብሎ ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ሰባት ቁጥር ይከተለዋል። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 17 ከሆነና ቪኤንኬ ብሎ ከጀመረ ደግሞ ፈረንሳይ ፋብሪካ የተሰራች ያሪስ ናት፣ እሷ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ግራ መሪ ስለሆነች የመነካካት እድሏ ያንሳል። አጭሩን ቁጥር ካየሽ አትደንግጪ፣ መጥፎ መኪና ናት ማለት አይደለም፣ የሚቀጥለውን ፍተሻ በደንብ አድርጊ ማለት ነው።

ነገ ጠዋት መኪናሽ ውስጥ ስትገቢ ሞተር ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ክፈቺና ዳሽቦርዱን እይ። ቀበቶ ያሰረ የተቀመጠ ሰውዬ ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት ቀይ ምልክት አለ፣ ለስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ ራሱ መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ወይ የሸፈነ ሰው ሊኖር ይችላል። በርቶ ካልጠፋ ኤርባጉን ሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የሆነ ቦታ ብልሽት አግኝቷል። ሌላ ተንኮልም አለ፣ የኤርባጉን መብራት ከዘይት መብራቱ ጋር ያያይዙትና ሞተር ሲነሳ አብረው እንዲጠፉ ያረጉታል፣ ይሄን ለመያዝ ቁልፉን ከፍተሽ ሞተር ሳታስነሺ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ የዘይቱ መብራት እንደበራ የኤርባጉ ብቻውን መጥፋት አለበት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ቆይተው አንድ ላይ ከጠፉ ተጠራጠሪ። ከዚህም ሚብስ አለ። ኤርባጉ በነበረበት ቦታ ሬዚስተር ሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ እቃ ሽቦው ላይ ይሰካሉ፣ ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያለ ይመስለዋል፣ መብራቱም እንደ ጤነኛ በርቶ ይጠፋል። ዋርሳሽ «እናጠፋዋለን» ያለሽ ከነዚህ አንዱን ነው። ያንቺን መኪና ነገ ለሌላ ሰው ብትሸጪያትም እኮ ያ ሰው ኤርባግ አለኝ ብሎ ነው ቤተሰቡን ይዞ ላንጋኖ የሚሄደው።

ወደ ኮሮላው መሪ እንምጣ። ሰዎችን ሚያሳስተው ነገር፣ የብዙዎቹ ቶዮታዎች የመሪ ዘንግ ጥርስ ተመሳሳይ ስለሆነ የኮሮላ መሪ ቪትዝ ላይ ሊገባ ይችላል፣ ዳዶውም ይታሰራል፣ መኪናውም ይታጠፋል። ገባ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። ከመሪው ስር ስፓይራል ኬብል ሚባል ነገር አለ፣ እንደ ሜትር የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው፣ መሪው ሲዞር እየተፈታና እየተጠቀለለ ኤሌክትሪክ ከማይዞረው የመኪናው ሽቦ ወደሚዞረው መሪ የሚያደርሰው እሱ ነው። ኤርባጉም ክላክሱም የሚሰሩት በሱ በኩል ነው። ያንቺ መኪና ከፋብሪካ የቴፕ በተን ከሌላት ኬብሉ ውስጥ ለበተኑ ሚሆን መስመር ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ያ ያማለለሽ በተን ጌጥ ሆኖ ነው ሚቀረው፣ ይሰራልሽ ከተባለ ኬብሉም መቀየር አለበት፣ ቴፑም መቀበል አለበት፣ እያለ ይቀጥላል። ኤርባጉ ደሞ ቅርጹ ከኮሮላው መሪ መሃል ካለው ቦታ ጋር አይገጥምም፣ ልጁ «አይሄድም» ያለው በዚህ በኩል እውነቱን ነው። ከራሱ ከኮሮላው ጋር የመጣውን ኤርባግ እንግጠም ቢልሽም እምቢ በይ፣ አንዳንዱ ኤርባግ ሚፈነዳው በአንድ ደረጃ ነው፣ አንዳንዱ በሁለት፣ የመኪናሽ ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሷን ነው።

ዩዝድ ኤርባግን በጠቅላላው ብትርቂው ደስ ይለኛል። ታካታ ሚባል የጃፓን ኩባንያ ነበረ፣ ቶዮታና ሆንዳን ጨምሮ ለብዙ ፋብሪካ ኤርባግ የሚያቀርብ። ከረጢቱን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር፣ ይሄ ነገር ለአመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ባህሪው ይቀየርና አደጋ ሲደርስ ከሚገባው በላይ በሀይል ይፈነዳል፣ የብረት ቀፎውን ይቀደውና ስብርባሪ ብረት ሹፌሩ ላይ ይረጫል። ሰው ሞቶበታል፣ አሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ሚጠጋ እቃ እንዲመለስ ተጠርቷል፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ሶማሌ ተራ መደርደሪያ ላይ ያለው ኤርባግ ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት አመት ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ፣ ተጠርቶ የነበረ ይሁን አይሁን ሻጩም አያውቅም፣ እና እሱን ደረትሽ ፊት ለፊት ታስቀምጪያለሽ? የራስሽ መኪናም እድሜዋ ከዛው ዘመን ስለሆነ የሻንሲ ቁጥሯን ይዘሽ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ ሄደሽ ጠይቂ፣ ቁጥሩ አጭሩ ከሆነ ደሞ ቶዮታ ጃፓን ድረገጹ ላይ በሻንሲ ቁጥር ማየት ይቻላል፣ ጽሁፉ ጃፓንኛ ቢሆንም በስልክሽ ታስተረጉሚዋለሽ።

አጭር ነሽ ስላለሽ ነገር። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ለዛ ነው ሚያሳምነው። ኤርባግ ከ50 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው ተነፍቶ ሚያልቀው፣ ሰው መሪው ላይ ተለጥፎ ከተቀመጠ ገና እየተነፋ እያለ ነው ሚመታው፣ ይጎዳል። ግን መፍትሄው ርቀት ነው፣ ማውጣት አይደለም። ከመሪው መሃል እስከ ደረትሽ አጥንት 25 ሴንቲሜትር ካለ በቂ ነው፣ ሜትር ከሌለሽ እጅሽን ዘርግተሽ ከአውራ ጣትሽ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣትሽ ጫፍ ያለውን ለኪ፣ ለብዙ ሴት ሃያ ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ከዛ አራት ጣት ጨምሪበት። እዛ ለመድረስ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አርገሽ መደገፊያውን ቀና አድርጊው፣ ፍሬን ላይ እግርሽ ካልደረሰ ደግሞ ከስርሽና ከጀርባሽ ደልደል ያለ ነገር አድርጊ፣ መሪው ወደ ታች ሚወርድ ከሆነ ዝቅ አርጊው፣ ከፊትሽ ይልቅ ደረትሽን እንዲያይ። እጅሽን ሰአት ላይ ሦስትና ዘጠኝ ባለበት ያዢ፣ አንድ እጅሽን መሪው መሃል ላይ አሳርፈሽ አትንጂ። እና ቀበቶ! ኤርባግ የቀበቶ አጋዥ ነው፣ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ወደ ፊት እየተወረወረ ነው ኤርባጉን ሚያገኘው፣ ብዙው አጭር ሰው የተጎዳው እንደዛ ነው። ኤርባግ በሌለው መሪ ደረትሽና ፊትሽ ሚያርፈው በቀጥታ መሃሉ ላይ ያለው ብረት ላይ ነው፣ አንገት ሚሰበረው የቱ ጋ እንደሆነ አስቢው።

እሺ፣ ታዲያ መሪው ተላልጦ ይቅር ወይ? አይቅር። ሁለት መንገድ አለሽ፣ እኔ የመጀመሪያውን ነው ምመርጥልሽ።

የራስሽን መሪ አስለብሺው። የቪትዝ መሪ ብዙ ጊዜ ቆዳ አይደለም፣ ዩሬቴን ሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ ላብ፣ ሎሽን፣ ሳኒታይዘርና ፀሐይ ላዩን ያበሰብሱታል፣ እሱ ነው እጅሽ ላይ ሚቀረው። የመኪና ወንበር ልባስ የሚሰፉ ልጆች መሪም በቆዳ ይሰፋሉ፣ ጎበዙ የላላውን ፍቆ አፅድቶ፣ ቆዳውን ወጥሮ ከውስጥ በኩል በክር ይሰፋዋል። ክቡንና ክንዶቹን ብቻ ነው ሚያለብሱት፣ መሃል ያለውን የኤርባግ ክዳን በቆዳ ልሸፍነው፣ ቀለም ልቀባው፣ ማርክ ልለጥፍበት ካለሽ አይሆንም በይው፣ ክዳኑ ሲፈነዳ እንዲቀደድ ከውስጥ በኩል የሳሳ መስመር ተሰርቶለታል፣ ከላይ ሲለጠፍበት ወይ በትክክል አይከፈትም ወይ የተለጠፈው ነገር ወደ ፊትሽ ይበራል። ያ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ያለው ማርክ አለ አይደል፣ እሱን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው፣ መሪው ተሰንጥቆ ወይ ተጣሞ ከሆነ ሌላ ይገዛ፣ ግን የቪትዝ ይሁን፣ ያው ሞዴል፣ እና ባዶውን ክብ ብቻ ግዢ፣ ያለ ኤርባግ። የራስሽን ኤርባግ ከድሮው አውጥቶ አዲሱ ላይ ይግጠምልሽ። ይሄ ኮ ለሻጩም ለዋርሳሽም ይቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል፣ ኤርባጉ ዋጋ ስላለው አብሮ ሊያሸክምሽ ይሞክራል፣ አልፈልግም በቃ።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ መሪው ጀርባ ላይ ቁጥር ካለ አንብቡት። የቶዮታ መሪ እቃ ቁጥሩ በ45100 ነው ሚጀምረው፣ ኤርባጉ በ45130፣ ስፓይራል ኬብሉ በ84306፣ ከሰረዙ በኋላ ሚመጡት ሁለቱ ደሞ መኪናውን ይናገራሉ፣ 52 የቪትዝ ቤተሰብ ነው፣ 12 የኮሮላ። ሻጩ «የሁሉም አንድ ነው» ሲል ይቺን ብታሳዩት ቀጥ ይላል። ጠፍቶ ወይ ተፍቆ ከሆነ ያንቺን መሪ ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ውሰዱና አስተያዩ፣ የዘንጉ ቀዳዳ፣ ኤርባጉ ሚታሰርበት ቦታ፣ የክላክሱ ሽቦ ሚገባበት፣ ሁሉም አንድ መሆን አለበት። ልባስ ያለበት መሪ ከሆነ ልባሱን ገልጦ ማየት ግድ ነው፣ ስንጥቅ ሚደበቀው ከሱ ስር ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ በፊቱ አስተኙትና ክቡ ዙሪያውን እኩል ይነካ እንደሆነ እዩ፣ ከተወላገደ አደጋ የደረሰበት ነው፣ ሹፌሩ በደረቱ የገፋው። ጥርሱ ውስጥ ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ፣ የተበላ ወይ የተጨፈለቀ ካለ ጥላችሁ ሂዱ፣ ክርክር አያስፈልግም።

አሁን የእሁዱን ስራ ልንገርሽ፣ አንቺ ባትሰሪውም አጠገቡ ቁሚ፣ ቡናም አፍይለት፣ ግን ዓይንሽ እሱ ላይ ይሁን።

ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ቁልፉ ይዘጋ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይውጣ። ከዛ ይጠበቃል፣ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ነው ሚለው፣ ባትሪው ቢወጣም ኤርባጉን ማፈንዳት ሚችል ኤሌክትሪክ ሲስተሙ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል፣ ቡናው እስኪፈላ ቢጠበቅ ደሞ ማን ይከለክላል። ኤርባጉ ሚታሰረው ከመሪው ግራና ቀኝ ጎን በኩል ባሉ ሁለት ብሎኖች ነው፣ ጭንቅላታቸው ኮከብ ነው፣ ቁጥር 30። እነዚህ ብሎኖች ሙሉ በሙሉ አይወጡም፣ እስኪላሉ ይፈታሉና እዛው ይንጠለጠላሉ፣ ያልገባው ሰው እያስገደደ ይሰብራቸዋል። ኤርባጉ ሳብ ሲል ከጀርባው ቢጫ ሶኬት ይታያል፣ ቢጫ የኤርባግ ሽቦ ቀለም ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው መቆለፊያ በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ ተብሎ ከፍ ይልና ይነቀላል። የወጣውን ኤርባግ ክዳኑን ወደ ላይ አርጎ ያስቀምጠው፣ ክዳኑን መሬት ላይ ደፍቶ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ቢፈነዳ እንደ ሮኬት ነው ሚነሳው፣ ሲሸከመውም ክዳኑ ከሰውነቱ ወደ ውጪ ያይ። ቴስተር እንዳያስነካው፣ ይሰራል ወይ ብሎ በቴስተር ሚለካ አለ፣ ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልታፈነዳው ትችላለች። ልጆችሽ በዛ ሰአት ግቢ ውስጥ አይጫወቱ።

ከመሪው መሃል ያለችው 19 ቁጥር ዳዶ ናት። ሲፈታት ሙሉ በሙሉ እንዳያወጣት፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዛ ትቆይ፣ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊቱን እንዳይመታው። ከዛ ዘንጉና መሪው ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምር፣ ይሄን ሚዘል መካኒክ ብዙ ነው፣ በኋላ መሪው ወደ ግራ ዞሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አላይመንት ነው ብሎ ሌላ ወጪ ያስወጣሻል። መሪው አልነቀል ካለ መሃሉ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ መንቀያ ይታሰርባቸዋል። በመዶሻ ዘንጉን ቢመታው ግን አስቁሚው፣ አፍሽን ይዘሽ አትመልከቺ። ቪትዝ መሪ ሚያቀለው ሞተርና ሴንሰር እዛው ዘንጉ ላይ ነው ያለው፣ በመዶሻ የተመታ ሴንሰር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

መሪው ከወጣ በኋላ ስፓይራል ኬብሉን ዝም ብሎ አያዙረው። ከዞረ መሃሉ ጠፋ ማለት ነው፣ እንደዛው ከተገጠመ አንድ ቀን ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መሪ ጨርሰሽ ስትጠመዝዢ ቋ ይልና ይበጠሳል፣ ክላክስም ኤርባግም አብረው ይሄዳሉ። ከዞረበት በእጁ ቀስ ብሎ እስኪጠነክር ወደ ግራ ያዙረው፣ ከዛ ወደ ቀኝ ሁለት ተኩል ዙር መልሶ ምልክቶቹን ያገናኛቸው። የድሮው መሪ መስመር ያረፈበትን ቦታ አዲሱ ላይም አስምሮ ከዘንጉ መስመር ጋር አገናኝቶ ያስገባውና ዳዶዋን በቶርክ ሬንች፣ ሀይሉን እየለካ በሚያጠብቀው መፍቻ፣ 50 ኒውተን ሜትር፣ የኤርባጉን ብሎኖች ደሞ 8.8 ያጥብቅ። በጉልበት በግምት ነው ምንሰራው ይልሻል። መሪ ነው በይው፣ ይሄኛው በግምት አይሆንም።

ኤርባጉ ተገጥሞ ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ሳይቆለፍ ማንም ቁልፍ እንዳይከፍት። ሙዚቃ ልስማ ብሎ ቁልፍ ሚከፍት ሰው ካለ ኮምፒውተሩ ኤርባግ የለም ብሎ ብልሽት ይመዘግባል፣ በኋላ መብራቱን ለማጥፋት ዲያግኖስ ማሽን ፍለጋ መሄድ ነው። ባትሪው ሲመለስ ከመሪው ፊት ለፊት ማንም አይቀመጥ። ከዛ ያቺን የስድስት ሰከንድ መብራት እይ፣ ክላክሱን መሪውን ግራ ጨርሰሽ፣ ቀኝ ጨርሰሽ፣ መሃል ላይም ሞክሪው፣ ፍሬቻው ከታጠፍሽ በኋላ ራሱ ይመለስ እንደሆነ እይ፣ ካልተመለሰ መሪው ከስር ካለው ጋር በደንብ አልተናከሰም። ከዛ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ ነጂ፣ መሪው ትንሽ ከተዛነፈ አንድ ጥርስ ስቷል፣ ወጥቶ ይገጠማል፣ በፊትም የተዛነፈ ከነበረ ግን እሱ በእርግጥ የአላይመንት ስራ ነው።

አንድ ያልነገርኩሽ፣ ኤርባጉ ሲወጣ ጀርባውን አብረሽ እይ። ቢጫው ሶኬት የእውነት ኤርባጉ ውስጥ ገብቷል ወይስ ሽቦው ጫፍ ላይ ሬዚስተር ተበይዶ በፕላስተር ተጠቅልሏል? ወይ ደሞ ክዳኑ ብቻ ነው ከውስጡ ባዶ? ክዳኑ ከውስጥ በሙጫ የተያያዘ ከሆነ አንዴ ፈንድቶ ተመልሶ የተዘጋ ነው። እንደዚህ ሆኖ ካገኘሽው ያሁኑ ጥያቄሽ ተቀየረ፣ ኤርባግ የለሽም፣ ወይ ትክክለኛውን አዲስ በሻንሲ ቁጥርሽ ታዝዢያለሽ፣ ወይ እንደሌለሽ አውቀሽ ነው ምትነጂው፣ ስትሸጪም ለገዢው ትነግሪዋለሽ።

ዋርሳሽን በተመለከተ ያን ያህል አትጨነቂ። «ስራህን አላመንኩትም» አልሽው እንዴ? አላልሽም። እሁድ ድረስ አትጠብቂ፣ መሪውን ገዝቶት ከመጣ እምቢ ማለት ይከብድሻል፣ ዛሬውኑ ደውዪለት። ባለቤትሽን አስቀድመሽ ብትልኪ ደግሞ ከጀርባው ያማሽው ይመስለዋል፣ ራስሽ ንገሪው። «የኮሮላውን ተወውና የቪትዝ ባዶ ክብ ፈልግልኝ፣ ኤርባጉ የራሴ ይሁን፣ አንተው ግጠምልኝ» በይው። ስራው ከእጁ አልወጣም፣ እቃ መፈለግም ይወዳል መሰለኝ። አንገት ይሰበራል ላለሽው ደሞ አትከራከሪው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቤዋለሁ በይው፣ ያልቃል። ብር ካልተቀበለሽ ቶርክ ሬንች ግዢለት፣ መካኒክ ሆኖ እሱን እምቢ ሚል አላየሁም፣ ያንቺንም ዳዶ በሱ ያጠብቃታል።

ፀጉራሙን የመሪ ልብስ ግን እሁድን አታስጠብቂው፣ ዛሬ አውልቂው። ክቡን አጥብቆ ስለማይዝ በሹል ስትታጠፊ ልብሱ እጅሽ ውስጥ ይዞርና መሪው እዛው ይቀራል። እስከዛው መሪውን በለብታ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊው፣ በነጭ ጋዝና በአልኮል አትንኪው፣ የባሰ ያጣብቀዋል። ስታቆሚያትም ጥላ ፈልጊ፣ ከጠፋም ፎጣ ጣል አርጊበት።